የግራ ዓይኗ ዝቅ ያለች ጉጉት

መምህርት ሙራኮሺ ጉጉቶቻቸውን መልሰው ማየት እንደሚፈልጉ የተናገሩት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሻይ ተቀድቶ፣ የባቄላ ጣፋጩ ገና በየሰዉ አፍ ውስጥ እያለ። መምህርት እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገሩት ሁልጊዜ የሰው አፍ ሲሞላ ነው። አፉ የሞላ ሰው ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ምን ምርጫ አለው?

«ለዘለቄታው አይደለም» አሉ። ጆሯቸው ላይ ሁለት ሐምራዊ ደበርጃኖች ተወዛወዙ። የገዛ እጃቸው ሥራ የሆኑ የጆሮ ጌጦች ናቸው። አንደኛው ከሌላው ይበልጣል፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ የተናገረ የለም። «ለኅዳሩ ኤግዚቢሽን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት፣ ለቡድናችን አሥረኛ ዓመት፣ ለእያንዳንዳችሁ ሠርቼ የሰጠኋችሁን ጉጉቶች በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ማየት አምሮኛል። እንግዲህ እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል። ከኔ በኋላ ክፍሉን ማን እንደሚይዘው በዚያው ዕለት እናገራለሁ። የሰጠኋትን ነገር በክብር ያስቀመጠች ሴት ክፍሉንም በክብር ትይዘዋለች።»

ስምንቱ ሴቶች ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ሳዋኮ ኢሶቤም ነቀነቀች። የሷ ጉጉት ግን ከሞተች ቆይታለች። በግልጽ ለመናገር፣ ራሷ ሳዋኮ ናት የገደለቻት።

ክፍሉ የሚባለው በካኬጋዋ ከተማ፣ ከሻይ ተክሉ ኮረብታ ሥር ባለው የሰፈር አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ አንድ ጠረጴዛ የበዛበት ክፍል ነው። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ የፕላስቲክ ጭቃ ይቦካል። ሲቦካ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ከቀለም ጋር ይጠቀለላል፣ ይቆረጣል፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጋገርና እንደ አጥንት ይጠነክራል። ከዚያ የደረት ጌጥ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የመብያ እንጨት ማሳረፊያ፣ የፎቶ ፍሬም፣ ማንም ያልጠየቀው የመጋረጃ መያዣ ይሆናል። ሳዋኮ ምድጃውን ከመምህርት መኪና ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ መኪና እያመላለሰች የወገቧን ደህንነት ሰጥታለች። በትምህርት ቤት ሁለተኛ ነበረች። በሥራ ቦታዋ ምክትል ሆና ጡረታ ወጣች። በባሏ ቤተሰብ የታናሽየው ወንድም ሚስት ናት። ጠረጴዛው ራስ ላይ የሚቀመጥበት፣ «መምህርት» የሚባልበት ያ ወንበር የሷ እንዲሆን የምትመኘውን ያህል ምንም ነገር ተመኝታ አታውቅም። ምኞቷን ለማንም አልተናገረችም፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቀዋል።

በዚያ አገር ጉጉት ቤት ውስጥ ዕድል ታስገባለች ይባላል። የመምህርት ጉጉት ግን ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣ፣ ከደጅ በገባች ቁጥር ሳዋኮን ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር። የሻይ ጀበና ታክላለች፤ ቡናማ፣ ጭንቅላቷ ላይ ለእስክርቢቶ ማስቀመጫ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ። አንድ የጽዳት ቀን ሳዋኮ «በቃ!» አለች። ግን እንዴት ትጣል? በዚያ ሰፈር የቆሻሻ ከረጢት ውስጡን የሚያሳይ መሆን አለበት፤ የቤቱ ስምም በላዩ ይጻፋል። «ኢሶቤ» ተብሎ በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ የመምህርት ሙራኮሺ ጉጉት ወደ ውጭ አፍጥጣ ጎረቤት ሁሉ ሲያያት ታያትና ላብ አጠመቃት። ደግሞ የፕላስቲክ ጭቃ የሚቃጠል ቆሻሻ ነው ወይስ የማይቃጠል? ይህን ለማን ትጠይቃለች? መጨረሻ ላይ መላ አገኘች፤ የተበላሸ የሩዝ ማብሰያ ነበራት፤ ጉጉቷን ማብሰያው ውስጥ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ በማሸጊያ ቴፕ ጠምጥማ፣ ለብረታ ብረት በተመደበው ቀን አወጣቻት። መኪናው ሲወስዳት ሳዋኮ መንገድ ዳር ቆማ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታለች። ለማን እንደነሳች ራሷም አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ መምህርት «ጉጉቴ ደህና ናት?» ባሏት ቁጥር፣ «እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነበት ቦታ ነው ያስቀመጥኳት» ትላለች። ውሸቱ በየዓመቱ እያማረ ሄዶ፣ አንዳንዴ ሳዋኮ ራሷ ወደዚያ ክፍል ስትገባ ጉጉቷን በዓይኗ ትፈልጋት ነበር።

በዚያ ሐሙስ ምሽት እራት ላይ ባሏ ቴሩዎ ዓሣውን እየፈለፈለ ሰማት።

«እውነቱን ንገሪያቸዋ» አለ።

«ምን ብዬ?»

«ጣልኳት ብለሽ።»

«አብደሃል? ሰው እንዲህ ይባላል?»

«ተሰረቀች በያቸው እንግዲያው።»

«ማን ይሰርቃታል?»

ቴሩዎ አሰበ። ጉጉቷን ያስታውሳታል። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ፖሊሱም አያምንሽም።»

በማግስቱ ሳዋኮ ወደ ወይዘሮ ኒሺዶ ቤት ሄደች። ወይዘሮ ኒሺዶ የመምህርትን ቦርሳ የምትይዝ ናት፤ ሳዋኮ ምድጃ፣ እሷ ቦርሳ። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው በጣም ይከባበራሉ፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ ፍራፍሬ ይዛ ሄዳ በልቧ የምትቆይበትን ቀን የምትገምት ዓይነት መከባበር። ሳዋኮ ለሰበብ ከረጢት ሙሉ መንደሪን ይዛለች። ያሰበችው የወይዘሮ ኒሺዶን ጉጉት አንድ ጊዜ አይታ፣ በልቧ ስላ፣ ቤቷ ሄዳ ለመሥራት ነው።

ወይዘሮ ኒሺዶ በሩን በትከሻዋ ልክ ከፍታ በቀዳዳው ተሰካች።

«ውይ ወይዘሮ ኢሶቤ! ምን አደከመዎት! ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ…»

«ኧረ አልገባም፣ አልገባም። እንዲያው መንደሪኑ ቢበዛብን ነው። እግረ መንገዴን ጉጉትዎን አንዴ ባያት ብዬ። የኔዋ እንዴት ናፍቃታለች መሰለዎት፤ እህቷ አይደለች?»

«አይ፣ የኔዋ ተኝታለች» አለች ወይዘሮ ኒሺዶ።

«ተኝታለች?»

«ማለቴ ጠቅልያታለሁ። ለኤግዚቢሽኑ። በሐር ጨርቅ። አቧራ እንዳይነካት።»

«አዬ! እኔም እኮ በሐር ነው የጠቀለልኳት!»

ከዚያ ሳዋኮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ዓይኗ ግን…» አለች።

«የግራው!» አለች ወይዘሮ ኒሺዶ እፎይ እንዳለ ሰው።

«አዎ፣ የግራው። ዝቅ ያለው።»

«ወደ ምንቃሯ ዘንበል ያለው። ባሌ ምን ይላት ነበር መሰለዎት፤ ‹ሰክራ የገባች ጉጉት›።»

ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ይህ ቀልድ በቡድኑ ውስጥ አሥር ዓመት የኖረ ነው። መምህርት ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር አንዷ የግራ ዓይኗን ወደ አፍንጫዋ ታጠምማለች፣ ሌሎቹ በሳቅ ይሞታሉ። ሳዋኮ የፈለገችውን ስላገኘች ደስ ብሏት ተመለሰች። ወይዘሮ ኒሺዶም በሩን ዘግታ ደስ ያላት ይመስል ነበር፤ ሳዋኮ ግን ይህን ልብ አላለችውም።

ቴሩዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ኳስ ሊጫወት በወጣባቸው ጥዋቶች ሳዋኮ ሥራ ጀመረች። ቡናማውን፣ ነጩንና ወርቃማውን ጭቃ በመዳፏ ሙቀት አለሰለሰች። በመዳመጫው ማሽን ስስ አድርጋ አወጣችው። አንዱን በሌላው ላይ ጠቅልላ ወፍራም ዱላ አበጀች፤ ዱላው በስለት ሲቆረጥ ከየቁራጩ ፊት አንዲት ላባ ትወጣለች። የጃም ጠርሙስ ታጠበ። ላባዎቹ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየሸፈነ ጠርሙሱን አለበሱት። እጇ ጥሩ ነው። ከመምህርት እጅ እንደሚሻል ታውቃለች፤ እንደምታውቅ ግን ለራሷም አትነግርም።

ተጠናቀቀች። ሳዋኮ ወደ ኋላ ብላ አየቻትና ደነገጠች፤ ጉጉቷ ቆንጆ ናት። ዓይኖቿ እኩል፣ ክብ፣ አስተዋይ፣ አንድ ነገር ተጠይቃ መልሱን እንደምታውቅ ሰው።

«ይሄማ ጉድ ነው» አለች ሳዋኮ ለብቻዋ። «ማን የመምህርት ሥራ ናት ብሎ ያምናል?»

ስለዚህ ማበላሸት ጀመረች። የግራውን ዓይን ነቅላ ዝቅ አድርጋ ተከለችው። አልበቃም፤ ወደ ምንቃሩ ገፋችው። የደረት ላባዎቹን ባውራ ጣቷ እዚህም እዚያም ጠፈጠፈች፣ ምክንያቱም መምህርት ሲቸኩሉ የጣታቸው አሻራ ይቀራል። አንዱን ጆሮ አሳጠረች። በሕይወቷ ለአንድ ሥራ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም። ጥሩ ነገር መሥራት ቀላል ነው፣ አለች በልቧ፤ የሌላን ሰው ድክመት ሳያጓድሉ፣ ሳያጋንኑ፣ በአክብሮት መሥራት ነው ከባዱ። አንድ ጊዜ ዓይኑን ትንሽ ከፍ አደረገችው፤ ይሄ መምህርቷን ማረም፣ ከሳቸው በላይ አውቃለሁ ማለት መስሎ ተሰማትና በትሕትና መልሳ ዝቅ አደረገችው። ከበፊቱም ትንሽ ዝቅ።

ቴሩዎ ሲገባ ቤቱ ይሸታል።

«ምንድን ነው ምድጃው ውስጥ?»

«ጉጉት።»

«ከነላባዋ?» አለና የመስታወቱን በር ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። «ሳዋኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ይቺ ነገር ምን ሆናለች?»

«ምንም። እንደዚህ ነበረች እኮ።»

«እኔ የማስታውሳት እንዲህ ስትሆን አይደለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? አንተ የትኛው ካልሲህ የግራ እንደሆነ አታውቅም።»

ከቀዘቀዘች በኋላ ያረጀች እንድትመስል ወፍራም ሻይ ቀባቻት፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አቧራ እንድትጠጣ ተወቻት፤ በመጨረሻም በሐር ጨርቅ ጠቀለለቻት። ቢያንስ ስለ ሐሩ አልዋሸችም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ነጩ ጨርቅ በአዳራሹ መካከል ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ የሽማግሌዎቹ የብዕር ጽሑፍ፣ ጥግ ላይ በድስት የተተከሉ ትናንሽ ጥዶች። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ፣ እየተጎነበሱ፣ ጥቅላቸውን እየፈቱ አስቀመጡ። ሳዋኮ አራተኛ ነበረች። ጉጉቷን ካስቀመጠች በኋላ ነው ጎረቤቶቿን ያየችው።

የወይዘሮ ኒሺዶ ጉጉት የግራ ዓይኗ ጉንጯ ላይ ነበር። ከሷ ቀጥሎ ያለችው ሁለቱም ዓይኖቿ ምንቃሯን ያያሉ። አንዷ አንገቷም ዘሟል። ሌሎቹ እየተጨመሩ ስምንት ሆኑ፤ ስምንት ጉጉቶች፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ባንድ ላይ ተባረው የወጡ ይመስል፣ በየራሳቸው አቅጣጫ ጠማማ ሆነው ቆሙ።

ሳዋኮ ወይዘሮ ኒሺዶን አየቻት፤ ወይዘሮ ኒሺዶም አየቻት፤ ሁለቱም ወዲያው ጥዶቹን ማድነቅ ጀመሩ። ሌላ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከስምንቱ አንዲት እንኳ እውነተኛ ጉጉት አልነበራትም፤ እያንዳንዷ ግን ወንጀለኛዋ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነው የመጣችው። ወይዘሮ ኒሺዶ በመንደሪኑ ቀን በሩን በትከሻዋ የዘጋችው ለምን እንደነበር ሳዋኮ አሁን ገባት። ለየብቻቸው አንድ ዓይን ማጣመም አክብሮት ነበር። ስምንት ሆኖ ሲደረደር ስድብ ነው፤ በተለይ ሽንት ቤት በሄዱ ቁጥር ለሚሳቅባቸው ሴት።

«እንዴት ያሉ ናቸው!» አለ የአዳራሹ ኃላፊ፣ ስለ ጥበብ ምንም እንደማያውቅ ሁልጊዜ በኩራት የሚናገር ሰው። «ይሄ ዓይን! ሆን ተብሎ ነው አይደል?»

«ሆን ተብሎ ነው» አለች ወይዘሮ ኒሺዶ ቶሎ ብላ። እውነቷን ነው።

መምህርት ሙራኮሺ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ዛሬ ጆሯቸው ላይ ሁለት ዱባዎች አሉ። ፈገግ ብለው እስከ ጠረጴዛው መጡ። ጉጉቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዩአቸው። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ሰው ወጥቶ ሄዶ መብራቱ እንደቀረበት ቤት። አንዷን ጉጉት አነሱ፣ በእጃቸው መዘኑ፣ መልሰው አስቀመጡ። ሌላዋን አነሱ፣ መዘኑ። የሳዋኮዋ ላይ ሲደርሱ ገለበጡና ሥሯን አዩ። ሳዋኮ የአዳራሹን ወለል እንጨት አየች። ወንበሩ ከእጇ ወጥቶ ሲሄድ፣ የወንበሩን ጀርባ ጭምር አየችው።

በዚህ መካከል በሩ ላይ፣ «ዘገየሁ መሰለኝ!» የሚል ትልቅ ድምፅ ተሰማ።

አቶ ኩቦዴራ ናቸው። ሟች ሚስታቸው ከቡድኑ መሥራቾች አንዷ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ማንም ወደ ቡድኑ ስላልጠራቸው፣ ለሳቸው ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ወሬውን የሰሙት ከሻይ ሻጩ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ሰው ሁሉ የደነቆረ ይመስላቸዋል።

«የሚስቴን ይዤ መጣሁ!» ብለው ጮኹ፣ ከጋዜጣ ውስጥ እያወጡ። «ፎቶዋ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው፣ የዕጣን እንጨቱን እጭንቅላቷ ላይ እሰካለሁ! ትንሽ ጠቁራለች፣ ይቅርታ!»

ዘጠነኛዋን ጉጉት ከስምንቱ ጎን አስቀመጧት።

የላባዋ አሰላለፍ ሸካራ ነው። ደረቷ ላይ ያውራ ጣት አሻራ አለ። አንደኛው ጆሮዋ ያጥራል። ዓይኖቿ ግን እኩል ናቸው። ፍጹም እኩል ሆነው፣ ጥላሸት በተቀባ ፊት ውስጥ፣ ቀጥ ብለው ያያሉ። ስምንቱ ሴቶች አዩአት። አንድ ጊዜ፣ ምናልባት አንዲት ጉጉት ብቻ፣ ምድጃ ውስጥ ሙቀት በዝቶባት ዓይኗ ቀልጦ ወርዶ ይሆናል፤ ወይም እሱም አልሆነም፤ አንዷ ለሳቅ ብላ ፊቷን ያጣመመችበት ቀን ብቻ ነበር። ቀልዳቸውን አሥር ዓመት ሲደጋግሙት ጉጉቷን በልቷት፣ እሱ ራሱ ጉጉት ሆኖ ቀርቷል። አሁን በሐር ተጠቅልሎ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

አቶ ኩቦዴራ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «እነዚህ ምን ሆነዋል?» አሉ። «ታመዋል እንዴ? ሁሉም ባንዴ?»

«አቶ ኩቦዴራ» አለ ኃላፊው በጆሯቸው፣ ግን መላው አዳራሽ እንዲሰማ ሆኖ፣ «ምናልባት የርስዎዋ… እንዴት ልበልዎት… የመምህርት ላትሆን ትችላለች። ይዩት እንጂ፣ ስምንቱ አንድ ዓይነት ናቸው።»

«የመምህርት ናት! ሚስቴ ውሸታም ነበረች እንዴ?»

«አይ፣ ማንም እንደዚያ አላለም፣ ግን ዓይኗ…»

ሰዉ ሁሉ ወደ መምህርት ዞረ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ይቺ ናት የኔ» ቢሉ፣ ስምንት ሴቶች በዚያው ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ዓሣ ተዘርግተው ይቀሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መምህርቷ ማንን ያስተምሩ? ስጦታቸውን ስምንት ቤት ጥሎት፣ ከሟች በቀር የያዘላቸው እንዳልነበረ ከተማው ሁሉ ይሰማል። መምህርት ሙራኮሺ ደግሞ በሰማንያ ዓመታቸው ሊታዘንላቸው የሚፈቅዱ ሴት አይደሉም።

ጥላሸታሟን ጉጉት አነሱ። ለትንሽ ጊዜ ያዟት፤ ጣታቸው አሻራው ላይ በትክክል ገጠመ።

«የኔ ናት» አሉ።

ወይዘሮ ኒሺዶ ትንሽ ጮኸችና በሳል ሸፈነችው።

«ከሁሉ የመጀመሪያዋ ናት» ቀጠሉ መምህርት፣ ድምፃቸው እንደ ሐሙሱ ረጋ ብሎ። «ያኔ ገና እጄን አላገኘሁትም ነበር። ዓይን እኩል ከሆነ ያያል ብዬ የማስብበት ጊዜ ነው። ኋላ ግን ገባኝ። አንደኛው ዓይን ዓለምን ያያል፤ ሌላው ደግሞ ዝቅ ብሎ ራሱን ያያል። እነዚህ ስምንቱ…» አሉና ስምንቱን በእጃቸው አሳዩ፤ «እነዚህ የበሰሉት ናቸው።»

ኃላፊው አጨበጨበ። ስለ ጥበብ ምንም አላውቅም፣ ይሄ ግን ገብቶኛል አለ። ሰዉም አጨበጨበ። ስምንቱ ሴቶች ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች፤ ሌሎቹም እንዳያንሱ ጠረጉ።

«እሺ» አሉ አቶ ኩቦዴራ፣ ግማሹን ሰምተው። «እንግዲያው ያልበሰለችዋን ይዤ ልሂድ። ሚስቴ ብቻዋን ናት።» ጋዜጣቸው ውስጥ መልሰው ጠቀለሏትና ወጡ። መምህርት እስከ በሩ በዓይናቸው ሸኟት፤ ጉጉቷን ነው፣ ሰውየውን አይደለም።

ከዚያ ስም ተጠራ። «ክፍሉን» አሉ መምህርት፣ «ወይዘሮ ኢሶቤ ይይዙታል።»

ሳዋኮ እስከ ጉልበቷ ጎነበሰች። ስትጎነበስ ደስታው የት እንደሄደ ፈለገችው። ወይዘሮ ኒሺዶ ከሁሉ ቀድማ፣ «እንኳን ደስ አለዎት! እኔ እኮ መቼም እርስዎ እንደሚሆኑ አውቅ ነበር» አለቻት። ፊቷ ላይ ቅንጣት ቅናት አልነበረም። እንዲያውም ያመለጠ ሰው ፊት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሳዋኮና መምህርት ብቻ ጠረጴዛውን ያነሱ ነበር። ሳዋኮ ሐሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

«መምህርት…» ጀመረች።

«እኔ በጠርሙስ ላይ ሠርቼ አላውቅም» አሉ መምህርት፣ ቀና ሳይሉ። «በሻይ ቆርቆሮ ነው የሠራኋቸው። ቀላል ነበሩ። የናንተ ይከብዳሉ።»

ሳዋኮ ሐሩን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«የት ጣልሻት?» አንቺ ብለዋት አያውቁም ነበር።

«ሩዝ ማብሰያ ውስጥ።»

መምህርት ጥቂት አሰቡበት። «ክዳን ነበረው?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። ከዚያ የሳዋኮን ጉጉት ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩአት። «ሌሎቹ ዓይን አጣመሙና ተዉት። ሰነፎች ናቸው። አንቺ ግን ጆሮዋን፣ አሻራዬን፣ ችኮላዬን… ተቀምጠሽ አጠናሽኝ። ይህን ያህል ያጠናኝ ሰው አልነበረም።» ዱባዎቹ ትንሽ ተወዛወዙ። «ስለዚህ ያንቺ ነው። እስክትደክሚ ድረስ ይህን ዓይን ታስተምሪያለሽ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ።»

«መምህርት፣ እኔ እኮ ጥሩ መሥራት…»

«አውቃለሁ» አሉ መምህርት ሙራኮሺ። «እሱንማ ቤትሽ ሥሪው።»

ጉጉቶቹ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ ኃላፊው ስለ ሁለቱ ዓይኖች የተባለውን ራሱ የተናገረው አስመስሎ ደገመው። ብርዱ ሲገባ ክፍሉ ሞላ። ወጣት ሴቶች መጡ። የጆሮ ጌጥ የሚፈልግ የለም፤ ሁሉም የሚጠይቁት ያችን ጉጉት ነው። የሻይ ነጋዴዎቹ ማኅበር ለእንግዶች ስጦታ አዘዘ። ወይዘሮ ኒሺዶ ምድጃውን መሸከም ጀመረች፤ አዲሷ መምህርት ቦርሳዋን አታሲዝምና።

ሳዋኮ በጠረጴዛው ራስ ላይ፣ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «መምህርት» ትባላለች። ወንበሩ ሲታይ ከሚመስለው ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ከእግሮቹም አንዱ ያጥራል።

አንድ ሐሙስ ከአዲሶቹ አንዷ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፣ ገና ያልተጋገረች ጉጉቷን በሁለት መዳፏ ይዛ አቀረበችላት። የላባው አሰላለፍ ንጹሕ ነው። ዓይኖቹ እኩል፣ ክብ፣ አስተዋይ። ሳዋኮ አየቻት፤ ያቺን አንድ ጥዋት ብቻ የኖረችውን የራሷን ጉጉት አየቻት።

«መምህርት፣ እንዲህ ብተዋት ምን ይለዋል?» አለች ልጅቷ። «ቀጥ ብላ ስታይ ደስ አለችኝ።»

ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ መምህርት ሙራኮሺ ሻያቸውን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ጥሩ ናት» አለች ሳዋኮ። «ግን ገና እጅሽን አላገኘሽውም።»

አውራ ጣቷን በግራው ዓይን ላይ አኖረችና፣ በትሕትና፣ ወደ ታች ገፋችው። ከኋላ ሻይ ሲጠጣ ተሰማ፤ ረዥም፣ የረካ አጠጣጥ ነበር።